መቶ ዋት የተባለው መቶ ዋት ሲሆን አላየሁም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ!

ስለ ሶላር ፓነል ንገረን ስትሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አንድ ጨለማ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለአራት ቀን ድንኳን ልንተክል ወጥተን ነበር። 100 ዋት የሚል ፓነል ይዣለሁ። ባትሪ አለ። ትንሽ የመኪና ፍሪጅም አለች። ሂሳቡን ከመውጣታችን በፊት በጭንቅላቴ ሠርቼ ጨርሻለሁ፦ ፀሐይ በቀን 12 ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ 100 ሲባዛ በ12፣ 1200 ዋት-ሰዓት። ተንደላቀን እንከርማለን አልኩ። በሁለተኛው ሌሊት ፍሪጇ ጢጥ ጢጥ ብላ ጠፋች። መብራቱም ተከተላት። ጓደኞቼ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ያ ሂሳብ የት የት ላይ እንደከሸፈ ነው።

አንደኛ፣ ከፓነሉ መጀመሬ። መጀመር የነበረብኝ ዕቃዎቼ በቀን ስንት ይበላሉ ከሚለው ነበር። ዋት ማለት ዕቃው በዚያች ቅጽበት የሚጎትተው ነው፤ ዋት-ሰዓት ደግሞ ተጠራቅሞ የበላው። 5 ዋት የሚጎትት አምፖል ለ5 ሰዓት ቢበራ 25 ዋት-ሰዓት በላ ማለት ነው። ስልክን ከባዶ ለመሙላት፣ መንገድ ላይ የሚባክነውን ጨምራችሁ 20 ያህል በሉ። ላፕቶፕ ከ50 እስከ 70። እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው። ጣጣው ፍሪጅ ሲመጣ ነው። የካምፒንግ ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ 45 ዋት ያህል ይጎትታል፤ በሞቃት ቀን ግማሹን ጊዜ ሲሠራ ሊውል ይችላል። 45 በ12 ሰዓት፣ 540። አንድ ፍሪጅ ብቻዋን ከ25 ስልክ በላይ ትበላለች!

ስለዚህ ፍሪጅ የማትይዙ ሰዎች፣ ከዚህ በኋላ የምለው ብዙው አያስጨንቃችሁም። 20 ወይም 30 ዋት የሆነ ታጣፊ ፓነልና አንድ ፓወር ባንክ ይበቃችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ስልካችሁን ፓነሉ ላይ በቀጥታ አትሰኩት። ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል፣ ፀሐይ ላይ ሆኖ ደግሞ ይግላል። ቀን ፓወር ባንኩን ሙሉ፣ እሱንም ፓነሉ ሥር ጥላ ላይ አስቀምጡት፤ ስልኩን ማታ ከፓወር ባንኩ ሙሉ። 20000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለውን ቁጥር አይታችሁም አትደንግጡ። የተሰላው ውስጡ ባለው የ3.7 ቮልት ባትሪ ነው፤ ሲመነዘር 74 ዋት-ሰዓት ነው። ስልካችሁን ሦስት ጊዜ ከሞላላችሁ ሠርቷል።

ሁለተኛው ስህተቴ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማመኔ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ያ 100 የተለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፦ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን፣ የሴሉ፣ ማለት ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ቁራጭ፣ ሙቀት ደግሞ 25 ዲግሪ። እኛ ፀሐይ ላይ ያሰጣነው ፓነል 60 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። ከ25 በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ 60 ላይ ሲደርስ ከአሥር በመቶ በላይ ሄደ። ፓነል ብርሃን ይወዳል፣ ሙቀት አይወድም። እነዚያን የሚለመጡ ስስ ፓነሎች የመኪና ጣሪያ ላይ ለጥፎ መሄድ የማልወደው ለዚህ ነው። ሥሩ አየር ስለማያልፍ ይጋገራል። ቀላልነታቸው ደስ ይላል፣ ግን ዕድሜያቸውም እንደ መስታወቱ ፓነል አይደለም።

ደግሞ ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ደካማ ነው። በጥሩ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚለቀመው ሁሉ ሲደመር ከ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር ቢመጣጠን ነው። እንግዲህ 100 ዋት፣ በ5 ሰዓት፣ ከዚያ ለሙቀቱ፣ ለአቧራውና ለሽቦው 30 በመቶ ቀንሱ። 350 ዋት-ሰዓት! እኔ 1200 ነበር ያልኩት። ፍሪጇ 540 ትበላለች፣ ፓነሉ 350 ያመጣል። ይሄንን ድንኳን ውስጥ በስልኬ መብራት ወረቀት ላይ ስደርስበት ሳቄ መጣ። ለፍሪጅ 200 ዋት ፓነል ያዙ የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው። ዝናብ ካለ እሱም ላይበቃ ይችላል።

ሦስተኛውን ያወቅሁት በማግስቱ ነው፤ ከሁሉም ያናደደኝም እሱ ነው። ፓነሉን ዛፍ አጠገብ አቁሜው ነበር። ከቅርንጫፉ የወረደች፣ ክንድ የማታክል ጥላ አንዷን ጥግ ትነካለች። ከመስታወቱ አሥር በመቶ የማይሞላ። ምን ታመጣለች ብዬ ትቻታለሁ። መለኪያውን ስሰካ 1 አምፔር አነበብኩ፤ አምፔር ማለት በሽቦው የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ፓነሉን ሁለት እርምጃ ሳብ አደረግሁት። 5 አምፔር! መልሼ ገፋሁት፤ 1። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ዓይኔን አላመንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓነሉ ላይ የምታዩዋቸው ሴሎች ተሰልፈው ውሃ በባልዲ እንደሚቀባበሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከቆመ፣ የኋለኛው የቱንም ያህል ቢፈጥን ባልዲው አያልፍም። ጥላ የወደቀበት ሴል ያ የቆመው ሰው ነው። አምራቾች ይህንን ስለሚያውቁ ከጀርባ ባለችው ሳጥን ውስጥ ዳዮድ የሚባል ትንሽ ዕቃ ያስገባሉ፤ ኤሌክትሪኩ የታመመውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ። ግን ትንሽ ፓነል ላይ ግማሹ ከተዘለለ የቀረው 9 ቮልት አካባቢ ነው። ቮልት ማለት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ጉልበት ነው፤ 9 ቮልት ባለ 12 ቮልት ባትሪን አይሞላም። ስለዚህ የድንኳኑን ገመድ፣ የመኪናውን አንቴና፣ የተሰጣውን ፎጣ ሳይቀር ተጠራጠሩ። ጥላ ደግሞ ትሄዳለች። ጠዋት ነፃ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ተይዞ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ድንኳኑ ጥላ ይፈልጋል፣ ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል። የሚያስታርቃቸው ረጅም ሽቦ ነው፤ ረጅም ከሆነ ደግሞ ወፍራም ይሁን። 5 አምፔር በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ 10 ሜትር ሲሄድ ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። 4 ሚሊሜትር ካሬ ግዙ፣ አትቆጩም። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አይረሳ፤ ሽቦ ሲነካካ እሳት ነው።

በፓነሉና በባትሪው መሀል ቻርጅ ኮንትሮለር መኖር አለበት፤ አለዚያ ባትሪው ከልክ በላይ ይሞላና ይበላሻል። ሁለት ዓይነት አለ። ርካሹ ፒደብሊውኤም ይባላል፤ የፓነሉን 18 ቮልት ወደ ባትሪው 13 ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል፣ ልዩነቱ ይቀራል። ከመቶው ዋት ላይ 70 ገደማ ቢደርሳችሁ ነው። ኤምፒፒቲ የሚባለው ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይመነዝረዋል። ለትንሽ ፓነል ርካሹ አይከፋም። 200 ዋት ለሚገዛ ግን ኤምፒፒቲ ይሻላል ባይ ነኝ። ባትሪውንም ሌላውንም ሁሉ በአንድ ሳጥን የያዘውን ተንቀሳቃሽ የኃይል ጣቢያ የገዛችሁ ደግሞ ኮንትሮለሩ ውስጡ ነው፤ ሌላ አትጨምሩበት። የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት ግን አንብቡ። ሁለት ፓነል ተከታትሎ ሲሰካ ቮልቱ ይደመራል፤ ጣቢያው ከማይችለው ካለፈ ተቃጠለ።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልበል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ አሲድ ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይላል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከሆነ አብዛኛውን መጠቀም ይቻላል፣ ክብደቱም ግማሽ ገደማ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ቻርጅ አይደረግም። በረዶ ላይ የምታድሩ፣ ጠዋት እስኪሞቅ ታገሡት።

የፓነሉ ሴል ከአንድ ክሪስታል የተሠራ ሞኖ ይሁን ወይስ ከብዙ ክሪስታል የተሠራ ፖሊ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቦታ ለጠበበው ሞኖክሪስታሊን ይሻላል፤ በእኩል ስፋት የበለጠ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 ቤል ላብስ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ያሳየው የሲሊኮን ሴል ከሚወድቅበት ብርሃን 6 በመቶውን ነበር የሚለውጠው። ዛሬ ከሱቅ የምትገዙት ከ20 ያልፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ጭንቀታችሁን ለጥላው አቆዩት።

አሁን በቃኝ። ያው ፓነል ውጭ በር ላይ ቆሟል፣ መለኪያውም ተሰክቷል። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ጠይቁኝ። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ጥጉ ላይ አሳርፉና ቁጥሩን እዩት።