ከሞንትሪያል የወጡት የት ደረሱ?

[በስክሪኑ ላይ፦ 1994። 74 ድል፣ 40 ሽንፈት]

በ1994 በአሜሪካ የቤዝቦል ሊግ ምርጥ ውጤት የነበረው ቡድን የኒውዮርክም የሎስ አንጀለስም አልነበረም። የካናዳ ነበር፤ ሞንትሪያል ኤክስፖስ። 114 ጨዋታ አድርጎ 74ቱን አሸነፈ። ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ደሞዝ ግን በሊጉ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር።

የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት 12 ቀን ተጫዋቾቹ ከክለብ ባለቤቶች ጋር በደሞዝ ጣሪያ ጉዳይ ተጣልተው ሥራ አቆሙ። ሴፕቴምበር ላይ የቀረው ውድድር በሙሉ ተሰረዘ። ወርልድ ሲሪስ የሚባለው የፍጻሜ ውድድርም ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይካሄድ ቀረ። ሞንትሪያል በሜዳ ማንም ሳያሸንፋት የዋንጫ ዕድሏ አመለጣት።

በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል፣ ጠቡ እንደበረደ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ዋና ዋና ተጫዋቾች ከክለቡ ወጡ። ዛሬ የምንከታተለው እነሱን ነው፤ ከእነሱ በፊትና በኋላ የወጡትንም ጭምር።

[ምስል፦ የአራቱ ተጫዋቾች ፎቶ]

ማርኪስ ግሪሶም ወደ ትውልድ ከተማው አትላንታ ሄደ። አትላንታ በዚያው ዓመት ለፍጻሜ ደረሰች፤ ተጋጣሚዋ ክሊቭላንድ። በመጨረሻው ጨዋታ የመጨረሻዋን ኳስ ከአየር ላይ የቀለባት ግሪሶም ነው። ዋንጫው የአትላንታ ሆነ። ከተሸናፊዎቹ መካከል ደግሞ ኬን ሂል ነበር። ሂል ከሞንትሪያል መጀመሪያ ወደ ሴንት ሉዊስ፣ ከዚያ ወደ ክሊቭላንድ የተዛወረ ኳስ ወርዋሪ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ላይ ዋንጫ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች በዓመቱ ለዋንጫ ተፋጠጡ።

ሦስተኛው ጆን ዌትላንድ ነው። ቡድኑ እየመራ ሳለ መጨረሻ ላይ ገብቶ ውጤቱን የሚያስጠብቅ ወርዋሪ ነበር። ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ ሄደ። በ1996 ያንኪስ ዋንጫ ሲያነሱ አራቱንም ድሎች የዘጋው እሱ ነው። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ተሸለመ።

አራተኛው፣ ላሪ ዎከር፣ ለካናዳውያን በጣም ያመማቸው ነው። የራሳቸው ልጅ ነዋ! ኮንትራቱ አልቆ ወደ ኮሎራዶ ሲሄድ ሞንትሪያል በምትኩ አንድም ተጫዋች አላገኘችም። በ1997 ሊጉ ከተከፈለባቸው ሁለት ምድቦች የአንዱ፣ የናሽናል ሊግ፣ የዓመቱ ኮከብ ሆነ። ከዚያ ሦስት ጊዜ የሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆነ። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ኮሎራዶ የሚጫወተው ዴንቨር ነው፤ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ሩቅ ትሄዳለች። ከፍታ ለስፖርት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ታዲያ የዎከር ቁጥር የእሱ ችሎታ ነው ወይስ የአየሩ? ሁለቱም። ብዙ ድምፅ ሰጪዎች ግን ይህን እየጠቀሱ ወደ ኋላ አሉ። ታላላቅ ተጫዋቾች ወደሚከበሩበት፣ ኩፐርስታውን ወዳለው የዝና አዳራሽ የተመረጠው በ2020፣ በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ ነው። በሞንትሪያል፣ በባሕር ጠለል አጠገብ፣ ምን ያህል ጥሩ እንደነበር ያየ ሰው ያን ያህል መጠበቅ አልነበረበትም ብሎ ያምናል። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 1997። ፔድሮ ማርቲኔዝ]

ከአራቱ መውጣት በኋላ የቀሩትም ብዙ አልቆዩም። ሞይሰስ አሉ ወደ ፍሎሪዳ ሄደና በ1997 ዋንጫ አነሳ። በዚያው ዓመት ሞንትሪያል ውስጥ ፔድሮ ማርቲኔዝ የሚባል ቀጭን ዶሚኒካዊ መቺዎችን ያሸብር ነበር። በውርወራው ብቻ 305 መቺዎችን አሰናበተ። ሳይ ያንግ የተባለውን የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ወሰደ። በዚያው ወር፣ ኖቬምበር ላይ፣ ክለቡ ለቦስተን አሳልፎ ሰጠው። በምትኩ ሁለት ወጣት ወርዋሪዎች መጡ። ቦስተን ለስድስት ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። በ1999 እና በ2000 ሽልማቱን ደገመው።

ለምን ሰጡት? ዋናው ምክንያት የኮንትራት ሕጉ ነው።

በቤዝቦል አንድ ተጫዋች በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የክለቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደሞዙ ትንሽ ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በግልግል ዳኛ በኩል ማስጨመር ይችላል። ስድስቱ ሲሞሉ ነጻ ነው፤ ወደፈለገበት ይሄዳል። አስቡት፤ በ22 ዓመቱ የገባ ልጅ ነጻ የሚሆነው በ28 ነው። ይህ ደግሞ ጉልበትና ብልሃት የሚገናኙበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ክለብ ተጫዋቹን የሚያጣው ልክ ሲበስል ነው። «ከወጣ በኋላ ጎበዘ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሚጎብዝበት ዕድሜ ላይ ነው የሚወጣው።

በእግር ኳስ አያክስም ልጆችን አሳድጎ ይሸጣል። የሽያጩ ገንዘብ ግን ካዝናው ይገባል። የቤዝቦል ዝውውር በአብዛኛው ሰው በሰው ነው። የሰጠኸው የታወቀ ኮከብ ነው፤ የምትቀበለው ገና ያልተፈተነ ልጅ ነው።

ሞንትሪያል ሌላም ጣጣ ነበረባት። ትኬት የምትሸጠው በካናዳ ዶላር፣ ደሞዝ የምትከፍለው በአሜሪካ ዶላር። በ1995 አንድ የካናዳ ዶላር 75 የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም ነበር። ስታዲየሙም ለ1976 ኦሎምፒክ የተሠራ፣ ለቤዝቦል የማይመች ግዙፍ ሕንጻ ነው። ለኦሎምፒኩ የተገባው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006፣ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ምሩጽ ይፍጠር፣ ሞንትሪያል]

ይህ ስታዲየም ለእኛም ታሪክ አለው። በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከውድድሩ ወጣች፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ። ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። በ1979 ግን ለአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ እዚያው ስታዲየም ተመልሶ 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፈ።

ወደ ቡድኑ እንመለስ። የወጣ ሁሉ አልሰመረለትም። ሜል ሮሃስ ከ1996 በኋላ ወደ ቺካጎ ካብስ ሄዶ አንድ የውድድር ዘመን ሳይሞላ ለሌላ ክለብ ተሰጠ። በፔድሮ ምትክ ከመጡት ሁለቱ አንዱ ካርል ፓቫኖ በፍሎሪዳ ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ያንኪስ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሉት። በጉዳት ምክንያት በአራት ዓመት የጀመራቸው ጨዋታዎች 26 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያሉትን ማንም አይቆጥራቸውም። የሚታወሱት ያበሩት ናቸው።

ካበሩት ሁሉ የሚደንቀኝ ራንዲ ጆንሰን ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8። ለሞንትሪያል የተጫወተው 11 ጨዋታ ብቻ ነው። ኃይል አለው፤ ኳሱ ግን የት እንደምታርፍ አይታወቅም። በ1989 ወደ ሲያትል ላኩት፤ በምትኩ የመጣው ማርክ ላንግስተን የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ ኮንትራቱ አብቅቶ ሄደ። ጆንሰንም ወዲያው አልተስተካከለም። በሲያትል ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ግን አምስት ጊዜ ሳይ ያንግን ወሰደ፤ በዘመኑ ሁሉ በድምሩ 303 ጨዋታ አሸነፈ። አንዳንዱን ሰው መታገስ ያስፈልጋል፤ ለመታገስ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል።

በ2002 ክለቡ በሊጉ ባለቤትነት ስር ነበር፤ ሊዘጋ ይችላል ይባል ነበር። ነገ የሌለው ክለብ ወጣት አያስቀምጥም። ባርቶሎ ኮሎንን ለማግኘት ክሊፍ ሊን፣ ግሬዲ ሳይዝሞርንና ብራንደን ፊሊፕስን ለክሊቭላንድ ሰጠ። ሦስቱም ኋላ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ሊ በ2008 ሳይ ያንግን ወሰደ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 2004]

ሴፕቴምበር 29 ቀን 2004 ሊጉ ቡድኑ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እንደሚዛወር አስታወቀ። በዚያው ምሽት ኤክስፖስ በሜዳው የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ፤ በፍሎሪዳ 9 ለ 1 ተሸነፈ። ዲሲ የምትኖሩ ሐበሾች ዛሬ የምታውቁት ናሽናልስ ይኸው ቡድን ነው።

ያን የውድድር ዘመን ልጆቹ ምን ላይ ነበሩ? ከዓመት በፊት የወጣው ቭላዲሚር ጉሬሮ በአናሃይም የሌላኛው ምድብ፣ የአሜሪካን ሊግ፣ ኮከብ ሆነ። ኦክቶበር 27 ቦስተን ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳች። በቡድኑ ውስጥ ፔድሮ ነበር። ኦርላንዶ ካብሬራም ነበር፤ ከሞንትሪያል የወጣው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው።

በዝና አዳራሹ የእያንዳንዱ ተጫዋች ምስል ከአንድ ቡድን ኮፍያ ጋር ይቀረጻል። ፔድሮ የቦስተንን ለብሷል፤ ጆንሰን የአሪዞናን፤ ጉሬሮ የአናሃይምን፤ ዎከር የኮሎራዶን። የኤክስፖስን ኮፍያ የለበሱት ጋሪ ካርተር፣ አንድሬ ዶውሰንና ቲም ሬይንስ ናቸው። ዶውሰን የካብስን እንደሚመርጥ በግልጽ ተናግሯል።

ሬይንስ በ1990 መጨረሻ ወጥቶ ከያንኪስ ጋር ሁለት ዋንጫ አነሳ። በ2001፣ 41 ዓመት ሆኖት፣ ወደ ሞንትሪያል ተመለሰ። ደጋፊው ቆሞ ተቀበለው። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ክለቡ ወደ ባልቲሞር አዛወረው። በዚህኛው ዝውውር የተጎዳ አልነበረም። ልጁ ባልቲሞር ይጫወት ነበር። ኦክቶበር 4 ቀን አባትየው በግራ፣ ልጁ በመሀል ሆነው አብረው ተሰለፉ።