ፀጉር ሲረግፍ ከባዮቲኑ በፊት ደማችንን እንታይ

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ርዕሱ ፀጉር ነው። ቲክቶክ በከፈትን ቁጥር አንዷ ባዮቲን የሚባለውን የቫይታሚን ክኒን ብልቃጥ ይዛ ብቅ ትላለች፣ «ፀጉሬ የረዘመው በዚህ ነው» ትላለች፣ ከዚያ ከአሜሪካም ከዱባይም ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ «እባክህ ያንን አምጣልኝ» ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ፀጉሩ ለምን እንደሚረግፍ ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ።

ታናሽ እህቴ ከወለደች ጥቂት ወራት በኋላ ሹሩባዋን ስትፈታ አጠገቧ ነበርኩ። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ጠቅልላ መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። «ማለቄ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ፣ እውነት ለመናገር።

ፀጉራችን ሁሉ እኩል አያድግም። ከመቶው 85 እስከ 90 የሚሆነው እያደገ ነው፣ የቀረው እረፍት ላይ ሆኖ ተራው ሲደርስ ይረግፋል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤነኛ ነገር ነው። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም በድንገት መክሳት ሲመጣ ግን ብዙው ባንዴ እረፍት ይገባል፣ የሚረግፈው ደግሞ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለረገፈው ፀጉር ያለፈውን ሳምንት ሻምፖ አንውቀስ።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። እህቴ ግን ደረጃ ስትወጣም ትንፋሿ ቁርጥ ይል ነበር። ሐኪሟ ደም አስመረመረቻት፣ ብረቷ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ገበታ ጉዳይ ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ብረት አላቸው። ችግሩ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረቱን ይዞ የሚያስቀረው ነገር ይቀንሳል፣ የእናቶቻችን እርሾ በዚህ ትልቅ ውለታ ውሎልናል። ምስሩ አጠገብ ቲማቲም በሎሚና በቃሪያ ሲኖር ደግሞ ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይከለክላል። ቡና ተዉ አልልም፣ ማን ይሰማኛል! አንድ ሁለት ሰዓት ብናቆየው ነው የምለው። ረጅም ጾም ለሚጾም ሰው ቫይታሚን ቢ12ም ይታሰብበት፣ ከአትክልት አይገኝም። ፀጉር ራሱ ፕሮቲን ነውና ባቄላውና ሽምብራውም አይርሳ።

ባዮቲኑስ? ለአዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ የበሰለ እንቁላል፣ ለውዝና ሱፍ ውስጥ አለ። አንዳንዱ ብልቃጥ ላይ 10,000 ማይክሮግራም ተጽፎ ታያላችሁ። እጥረት ለሌለበት ሰው ፀጉር እንደሚያሳድግ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ይልቁንም የላብራቶሪ ውጤት ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል፣ የታይሮይድም የልብ ምርመራም ሊሳሳት ይችላል። ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ሲበዙ ደግሞ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ፣ በተለይ እርጉዝ ሴት ቫይታሚን ኤን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ አትንካው።

ቅቤ ለምትቀቡ፣ ቀጥሉ። ድርቀትን ይከላከላል፣ ያለሰልሳል፣ ሥሩን ግን አይመግብም። ግንባራችሁ ላይ ፀጉሩ እየሸሸ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ሹሩባው ጠብቆ ነው፣ ያንን ቫይታሚን አይመልሰውም፣ ቶሎ ማላላት ነው።

ለምርመራ ስትሄዱ የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ብቻ ታይቶ «ደህና ነሽ» ከተባላችሁ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንም እንዲታይ ጠይቁ። የደም ማነስ ሳይመጣ በፊት የብረት ክምችቱ ሊያልቅ ይችላል። ባዮቲን እየወሰዳችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። የብረት ክኒን ከጎረቤት ተውሳችሁ አትጀምሩ፣ ሲበዛ ይጎዳል። ሕክምናው ሲጀመርም በሳምንት ለውጥ አትጠብቁ፣ ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።