መቶኛው ከስንት ተሰላ? በሐዋሳ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር

ክቡራን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ውድ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ። የቅዳሜ ገበያችሁን ትታችሁ ስለ ስሌት ለመስማት መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼም ከቁጥር አልተላቀቅሁም። አዘጋጆቹ ስለ ትምህርት ቤቶች ደረጃ እንድናገር ሲጠይቁኝ አንድ ነገር አስቀድሜ ተስማምቻለሁ፦ የከተማችንን የአንዱንም ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ስም የተጠራ እንደሆነ ስሌቱ ይረሳና ጠቡ ብቻ ይቀራል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር ብትሄዱ በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ትልልቅ ጽሑፍ ታያላችሁ። ይህን ያህል ከመቶ አሳልፈናል ይላል። ወላጅም ያንን አንብቦ ለሚቀጥለው ዓመት ልጁን የት እንደሚያስገባ ይወስናል። ማስታወቂያው ሐሰት ላይሆን ይችላል። ከስንት እንደተሰላ ግን አይናገርም። ተማሪዎቼ እንደሚያስታውሱት ክፍልፋይ ከላይ ላዕል፣ ከታች የሚያካፍለው ታህት አለው፤ ሰው ሁሉ ላዕሉን ያያል፣ ነገሩ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ታህቱ ላይ ነው።

ከአገር አቀፉ ቁጥር ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ወደ 896 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር፤ 3.3 ከመቶ። አገር ደነገጠ። በ2015 ደግሞ 27,267 አለፉ፣ 3.2 ከመቶ። ከዚያ ወደ 5.4 ከፍ አለ፤ በ2017 ደግሞ 48,929 አልፈው 8.4 ከመቶ ደረሰ። 3.3 እና 8.4ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ውጤቱ በሦስት ዓመት ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ ይላል። እስቲ ላዕሉን ብቻ እንመልከት፦ ከ29,909 ወደ 48,929 ማለት ወደ 64 ከመቶ ጭማሪ ነው። ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ሁለት ተኩል እጥፍ ግን አይደለም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከታህቱ። በ2017 የተፈተነው ተማሪ ወደ 586 ሺህ ዝቅ ብሎ ነበር። ያው 48,929 ተማሪ በ2014ቱ የተፈታኝ ብዛት ቢካፈል ኖሮ የምናገኘው 5.5 ከመቶ ገደማ ነበር። የተፈታኙ ቁጥር የቀነሰበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም። እኔ የምለው፣ መቶኛ ሲያድግ ያደገው ዕውቀት ነው ወይስ ያነሰው ተፈታኝ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ይህንኑ ወደ አንድ ትምህርት ቤት እናውርደው። ምሳሌው የእኔ ፈጠራ ነው፤ ማንም ወደራሱ አይውሰደው። አንድ ትምህርት ቤት በ9ኛ ክፍል 100 ልጆች ይቀበላል። በየዓመቱ ደከም ያሉትን «ሌላ ትምህርት ቤት ቢፈልጉ ይሻላል» እያለ ያሰናብታል። 12ኛ ክፍል ሲደርስ 40 ይቀሩታል፣ 20 ያልፋሉ። አጥሩ ላይ የሚጻፈው 50 ከመቶ ነው። ጎረቤቱ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፣ የተሰናበቱትን ልጆች ጭምር፤ 400 አስፈትኖ 40 ያሳልፋል፣ 10 ከመቶ። የመጀመሪያው በተቀበላቸው 100 ልጆች ቢሰላ 20 ከመቶ ነው። አሁንም ይበልጣል፤ ግን አምስት እጥፍ መብለጥና ሁለት እጥፍ መብለጥ አንድ አይደሉም። ያሰናበታቸው ልጆች ውድቀት ደግሞ በጎረቤቱ ስም ተመዝግቧል። ይህ አሠራር ያናድደኛል፤ አልደብቃችሁም።

ወደ ማለፊያ መስመሩ ልምጣ። በ2015 ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ፣ ማለትም ወደ 43 ከመቶ የሚሆኑት፣ አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ። ሁሉም «ዜሮ» ተብለው በአንድ ከረጢት ገቡ። ፈተናው ምርጫ ነው፣ በአብዛኛው አራት አማራጭ። ጥያቄውን ጨርሶ ሳያነብ በዘፈቀደ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 25 አካባቢ ያገኛል። ስለዚህ እውነተኛው ሜዳ ከ25 እስከ 100 ያለው ነው። ልጆቹ በአማካይ 27 ያመጡበት ትምህርት ቤት በተግባር ምንም አላስተማረም ማለት ይቻላል። ልጆቹ 44፣ 46፣ 48 ያመጡበት ትምህርት ቤት ግን ብዙ አስተምሯል፤ ትንሽ ነው የጎደለው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም ዜሮ ናቸው! እንዲህ ያለ ስሌት ለርእሰ መምህሩ ምን እንደሚያርም አይነግረውም፣ ለወላጁም የት እንደሚሸሽ አይነግረውም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል፤ ከተሳካላቸውም ካልተሳካላቸውም የምንማረው አለ። በአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከኤ እስከ ኤፍ ፊደል ይሰጠዋል። የግዛቱ ፈተና አንድ ሳይሆን ሦስት መስመር አለው፦ ለክፍል ደረጃው የተጠጋ፣ ደረጃውን ያሟላ፣ ደረጃውን የተካነ። ከተማሪዎቹ 80 ከመቶ የመጀመሪያውን፣ 50 ከመቶ ሁለተኛውን፣ 20 ከመቶ ሦስተኛውን ካለፉ፣ ድምሩ 150 ለሦስት ይካፈልና 50 ይሆናል። ይህ ጥሬ ነጥብ ነው፤ በኋላ በሰንጠረዥ ወደ ፊደል ይለወጣል። አያችሁ፣ የተካነው ልጅ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፣ የተጠጋው አንድ ጊዜ፤ ከመስመር በታች ያለውን ወደ መጀመሪያው ከፍ ማድረግም ዋጋ አለው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ፈተናው የውጤቱን 40 ከመቶ ብቻ ይይዛል፤ ሌላው 40 ለኮሌጅና ለሥራ መብቃትን፣ 20ው እስከ መጨረሻው ተምሮ መመረቅን ይመዝናል። ያችን 20 ልብ በሉ፤ ልጅ እያባረሩ መቶኛ ማሳደግን የምትከለክል ናት።

ከዚያ እድገት ለብቻው ይሰላል። ከውጤትና ከእድገት የተሻለው ተወስዶ 70 ከመቶ ሲይዝ፣ የቀረው 30 ከመቶ በተማሪዎች ወገኖች መካከል፣ ለምሳሌ በድሃና በሌላው መካከል፣ ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደጠበበ ይለካበታል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ሆኖም መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ነውና ጭቅጭቅ አልቀረም፦ ለኮሌጅና ለሥራ መብቃት በሚባለው መለኪያ ኤ የሚያሰጠው ነጥብ ከ60 ወደ 88 ሲነሣ የትምህርት ወረዳዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፣ የ2023 እ.ኤ.አ. ደረጃ ይፋ የሆነው በ2025 ነው።

እድገት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ከተማ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ታቦር ተራራ አናት ላይ ቢገናኙና አንዱ ከእግሩ ሥር ጀምሮ፣ ሌላው እኩሌታው ላይ ከመኪና ወርዶ የወጣ ቢሆን፣ ቁመታቸው እኩል ነው፣ ድካማቸው ግን እኩል አይደለም። በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ልጆቹን ከእኩሌታው ነው የሚያነሣቸው።

እንግሊዞች ይህን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስምንት ትምህርቶች ይለካሉ። አንድ ተማሪ በ16 ዓመቱ ያመጣውን፣ በ11 ዓመቱ ከእርሱ ጋር እኩል ውጤት የነበራቸው የአገሪቱ ልጆች ሁሉ በአማካይ ካመጡት ጋር ያነጻጽሩታል። ልዩነቱ የተማሪው ነጥብ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ነጥብ የተማሪዎቹ አማካይ ነው። ዜሮ ማለት እንደ አገሩ አማካይ አስተምሯል ማለት ነው፤ ግማሽ ነጥብ ከፍ ማለት በየትምህርቱ የግማሽ ማዕረግ ብልጫ ነው። በኮቪድ ምክንያት በ11 ዓመታቸው ሳይፈተኑ ያለፉ ልጆች ተራቸው ሲደርስ ግን፣ በ2025 እና በ2026፣ ስሌቱ ተቋረጠ። መነሻ የሌለው ልጅ እድገቱ አይለካም።

እኛ መነሻ አለን ወይ? አለን። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ከዚያ የ12ኛው። የ10ኛው አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ በኋላ ከ8ኛ እስከ 12ኛ ያሉት አራት ዓመታት ያለ የጋራ ፈተና ያልፋሉ፤ ይህ ክፍተት ነው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ያለውን ግን ዛሬውኑ ማስላት ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ነጥብን ከነጥብ አትቀንሱ። በ6ኛ 60 ያመጣ ልጅ በ8ኛ 55 ቢያመጣ ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም፤ የ8ኛው ፈተና ከብዶ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ከከተማው ተፈታኝ መካከል ስንተኛ ነበር፣ አሁንስ ስንተኛ ነው የሚለው ነው። ሌላም አለ፤ በጣም ዝቅ ብሎ የተመዘገበ ውጤት በሚቀጥለው ፈተና በራሱ ትንሽ ከፍ የማለት ጠባይ አለው፣ በጣም ከፍ ያለውም ትንሽ ዝቅ ይላል። በፈተናው ቀን የታመመ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አይታመምም እንደማለት ነው። ትንሽ ለውጥ አይታችሁ ከበሮ አትምቱ።

በተለይ ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ። 20 ተማሪ በሚያስፈትን ትምህርት ቤት አንድ ልጅ 5 ከመቶ ነው፤ 500 በሚያስፈትነው ዘንድ ግን አንድ ልጅ ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በየዓመቱ ዝርዝሩ አናትም ግርጌም ላይ ትንንሾቹን ብታገኙ አትገረሙ፤ የአምናው አንደኛ ዘንድሮ ቢወርድም እንደዚሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሦስት ዓመት አማካይ ውሰዱ።

የራሳችንን የኢንስፔክሽን ሥርዓት ማንሣት አለብኝ፤ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ትምህርት ሚኒስቴር ባዘጋጀው ማዕቀፍ ትምህርት ቤት የሚመዘነው በ26 ስታንዳርዶች ነው፦ ግብዓት 25 ከመቶ፣ ሂደት (ማለትም መማር ማስተማሩ) 35 ከመቶ፣ ውጤት 40 ከመቶ። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ከፈተና ውጤት ብቻ ይሰፋል። ነገር ግን ድምር መሆኑን አትርሱ። ቤተ ሙከራ የተሟላለት፣ አጥሩ ያማረ ትምህርት ቤት በግብዓት ያገኘው ነጥብ የማስተማሩን ጉድለት ሊሸፍንለት ይችላል። ስለዚህ «ደረጃ 3 ነን» ሲሏችሁ ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ጠይቁ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ሂደቱን ነው።

ቁጥር ላይ ቅጣት ሲንጠለጠል የሚሆነውን ደግሞ እወቁ። በአትላንታ ከተማ በ2009 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ፈተና ተመርምሮ በ2011 በወጣው ሪፖርት 178 የትምህርት ባለሙያዎች፣ በ44 ትምህርት ቤቶች፣ በማጭበርበር ተጠቀሱ፤ የተማሪዎችን የተሳሳተ መልስ እየፋቁ ያርሙ ነበር። በ2015 ፍርድ ቤት 11ዱን ጥፋተኛ አላቸው። እነዚህ ሁሉ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብዬ አላምንም፤ የውጤት ግብ ከላይ እየወረደባቸው፣ እንጀራቸው በቁጥር የተንጠለጠለባቸው ነበሩ። ከማጭበርበር በታች ያለ፣ ሕግ የማይነካው ሌላ ብልሃትም አለ፦ 45 እና 55 መካከል ያሉትን ልጆች ብቻ መርጦ ማስጠናት። 70 የሚያመጣው ያልፋል፣ 30 የሚያመጣው አያልፍም፣ ስለዚህ ሁለቱም ይተዋሉ። አንድ መስመር ብቻ እስካለን ድረስ ይህን የሚያደርግ መምህር ስሌቱን በሚገባ የተረዳ መምህር ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የወላጅ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት ያላችሁ ሁሉ፣ የከተማውን መምሪያ ሳትጠብቁ፣ ከየትምህርት ቤታችሁ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ጠይቁ። 9ኛ ክፍል ስንት ገቡ፣ 12ኛ ስንት ደረሱ፣ ስንት ተፈተኑ፤ ከተፈተኑት ስንቱ ከ30፣ ስንቱ ከ50፣ ስንቱ ከ70 በላይ አመጡ፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ፤ የሦስት ዓመት። አንደኛ ደረጃ ከሆነ የ6ኛና የ8ኛው ተራ ይጨመር። የልጅ ስም አይጻፍበት። ይህን ለመሙላት ለአንድ ሬጅስትራር የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ መረጃው ከመዝገቡ ውስጥ አለ። አልሰጥም የሚል ትምህርት ቤት ካለ፣ አጥሩ ላይ ያለውን መቶኛ በምን እንዳሰላው በደብዳቤ ይጠየቅ።

ባዶ ሰንጠረዡን አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ መግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ርእሳነ መምህራን ሁለት ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ መበላሸቱ አይቀርም። ከሻይ በኋላ በፈጠራ ቁጥር አንድ አብረን እንሞላለንና እስክሪብቶ ያልያዛችሁ ከአሁኑ ተዋዋሱ።