ገንዳው በእጃቸው፣ ቦዩ በሰው እጅ፦ የአንድ ኢኮኖሚስት የሚኒስትርነት ዘመን

(ምስል፦ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ጠዋት፣ ገንዳው ደረቅ)

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ድምፄን የምትሰሙት ከጎንደር፣ ከፋሲለደስ መዋኛ ዳር ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጥምቀት ገና ነው፤ ገንዳው ውስጥ ውኃ የለም። ወሬያችን ግን ሩቅ ነው፤ ባርሴሎና ነው። ባርሴሎና ሲባል ኳስ ትዝ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ የኳሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢኮኖሚስቱ ስለ አንድሬው ማስ ኮሌል ነው።

እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 ስፔን ውስጥ፣ ባርሴሎና ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጀምረው በ1966 በቫያዶሊድ ጨረሱ፤ ዘመኑ የስፔኑ አምባገነን የጄኔራል ፍራንኮ ነበር። አሜሪካ ተሻግረው በ1972 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በርክሌይ አስተማሩ፤ ሃርቫርድ አስተማሩ። በ1995 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መማሪያ አንድ ሺህ ገጽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ኢኮኖሚክስን በከፍተኛ ደረጃ የተማረ ዘመድ ካላችሁ ስማቸውን ጥሩለት፤ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። እኚህ ሰው ሃርቫርድን ትተው አገራቸው ገቡ። ልድገመው፤ ሃርቫርድን ትተው አገራቸው ገቡ። እኔን ወደ ታሪካቸው የሳበኝ ይህ ነው።

የተመራመሩበት ነገር አጠቃላይ ሚዛን ይባላል። ቅዳሜ ገበያ ገብታችሁ ታውቃላችሁ፤ የጤፍ ዋጋ ሲነሳ የበርበሬውም፣ የማገዶውም፣ የአህያውም ዋጋ አብሮ ይነቃነቃል። ሁሉም ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚረጋበት ነጥብ አለ ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። ማስ ኮሌል በ1974 ያሳዩት፣ ገበያተኛው የሚፈልገውን ሁሉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ አሰናድቶ መደርደር ባይችል እንኳ ያ ነጥብ ሊኖር እንደሚችል ነው። ሒሳቡ ከባድ ነው፤ የአቅርቦትንና የፍላጎትን ነገር በቀደሙት ቪዲዮዎች ስላየነው እዚህ አልቆይበትም።

ወደ ሥልጣኑ እንምጣ። ከ2000 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የካታሎኒያ ክልል (ዋና ከተማው ባርሴሎና የሆነው የስፔን ክልል) የዩኒቨርሲቲና የምርምር ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ጊዜ፣ በ2001፣ ተመራማሪዎችን ከየአገሩ እየመረጠ በቋሚነት የሚቀጥር ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬም አለ። በ2009 እና በ2010 የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በታኅሣሥ 2010 ደግሞ የካታሎኒያ የኢኮኖሚና የዕውቀት ሚኒስትር ተብለው ተሾሙ። የገንዘቡ ካዝና እርሳቸው ዘንድ መጣ።

እዚህ ላይ ልቁም። ስለ ክልል በጀት በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ገንዘብ ካነሰው ለምን አያሳትምም?» ይህን ጥያቄ ሳልመልስ አላልፍም፤ ሳይመለስ ከቀረ የቀረው ታሪክ ሁሉ ይጠፋባችኋል። ክልል ገንዘብ አያሳትምም። ባሕር ዳር ያለው የገንዘብ ቢሮ ብር አያሳትምም፤ ያ የብሔራዊ ባንክ ሥራ ነው። ባርሴሎናም ዩሮ አታሳትምም። የስፔን ማዕከላዊ መንግሥት ያለባት ማድሪድ እንኳ ብቻዋን አትወስንም፤ የዩሮ ነገር የሚወሰነው ፍራንክፈርት ባለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። የክልል ገንዘብ ኃላፊ በእጁ ያለው የተፈቀደለት ግብር፣ ከማዕከል የሚመጣው ድርሻ እና ብድር ነው። በእኛም አገር ክልል የሚሰበስበው ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ተዘርዝሯል፤ የድጎማውን ቀመር የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ «ያሳትም» የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ እንተወው፤ እባካችሁ።

(ምስል፦ ካሜራው ከገንዳው ወደ ቦዩ ይሄዳል)

አሁን ይህን ገንዳ ተመልከቱት። ዙሪያውን ያለውን አጥር እዩት፤ የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። መካከሉ ላይ ሕንጻው ቆሟል። ይህ ገንዳ የራሱ ምንጭ የለውም። ጥምቀት ሲቃረብ ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ከጥምቀት ቀደም ብለን እየመጣን ደረጃውን እንቆጥር ነበር፤ ትናንት ውኃው የቱ ደረጃ ላይ ነበር፣ ዛሬ የቱ ላይ ደረሰ እያልን። ጥር 11 ጠዋት ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። የዚያን ጊዜ ገንዳው ጎድሎ ቢገኝ ሕዝቡ ማንን ይጠይቃል? ገንዳው ዳር የቆመውን ጠባቂ። ቦዩን የሚከፍተው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ከላይ፣ ወንዙ ዘንድ ያለው።

ማስ ኮሌል ጠባቂው ነበሩ። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመምህሩ ደመወዝ የክልሉ ኃላፊነት ነው። ከዋና ዋናዎቹ ግብሮች አብዛኛውን የሚሰበስበው ግን የማድሪድ ግብር ሰብሳቢ ነው። ማድሪድ የዓመቱን ገቢ አስቀድማ ትገምትና ለክልሎቹ በየወሩ ቅድሚያ ክፍያ ትሰጣለች። ትክክለኛው ሒሳብ የሚወራረደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የ2008 እና የ2009 ግምት የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ፤ ክልሎቹም የተቀበሉትን ትርፍ መልሱ ተባሉ። እስቲ አስቡት፤ ጠባቂው ገንዳው ጎድሎበት እያለ «የዛሬ ሁለት ዓመት የላክንልህ ውኃ በዝቶ ነበርና መልስ» ሲባል! ውኃው ደግሞ ተጠጥቷል፤ ተጠምቀውበታል።

ጎረቤቴ ጋሼ በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰኔ 30 ሲደርስ ሒሳብ ለመዝጋት ስለሚያመሹ ራታቸውን በአገልግል አደርስላቸው ነበር። የካርቦን ወረቀቱ ጣቶቻቸውን ሰማያዊ አድርጎት፣ እጃቸውን በሎሚ ፈትገው ነበር እንጀራ የሚቆርሱት። የማስ ኮሌልን ታሪክ ስነግራቸው «ይመለስ» የሚለው ደብዳቤ ጋ ስደርስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ከየት አምጥቶ?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያ 2012 መጣ። በሐምሌ ለሆስፒታሎችና ለአረጋውያን መጦሪያዎች የሚሄደው ክፍያ ዘገየ። ለሕዝቡ ቦንድ ይሸጥ ነበር፤ የእኛው የአባይ ቦንድ ግድብ ሊሠራበት ነበር፣ የእነርሱ ግን በአብዛኛው ጉድለት ለመሸፈንና የቆየውን ዕዳ ለመተካት ነበር። በነሐሴ ካታሎኒያ ማድሪድ ካቋቋመችው የብድር ፈንድ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ጠየቀች። በዚያው ሳምንት የተበዳሪን አስተማማኝነት ከሚመዝኑት የደረጃ መዳቢ ድርጅቶች አንዱ የክልሉን ቦንድ ባለሀብት የማይደፍረው ደረጃ ላይ ጣለው።

ሚኒስትሩ ቆረጡ። የመንግሥት ሠራተኛው በዓመት ከሚያገኛቸው ሁለት ተጨማሪ ደመወዞች አንዱ ለተከታታይ ዓመታት ቀረ። በ2012 ደግሞ መድኃኒት በታዘዘ ቁጥር 1 ዩሮ ይከፈል ተባለ፤ በዓመት ከ61 ዩሮ እንዳያልፍ ጣሪያ ነበረው። እዚህ ላይ ከማደንቃቸው ሰው ጋር እለያያለሁ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ሰው ናት፤ ጉድለትን ከታማሚ ኪስ መሙላት አይዋጥልኝም። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2014 ክፍያውን ሻረው፤ ምክንያቱ ግን የእኔ ምክንያት ሳይሆን የሥልጣን ክፍፍል ነበር።

እስከ ጥር 2016 በቦታቸው ቆዩ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር። ነገሩ ግን አላለቀም፤ በ2021 የመንግሥትን ወጪ የሚመረምረው የስፔን የሒሳብ ፍርድ ቤት የካታሎኒያን የነጻነት ጥያቄ በውጭ አገር ለማስተዋወቅ ወጥቷል ባለው ገንዘብ ከ30 በላይ የቀድሞ ባለሥልጣናትን 5.4 ሚሊዮን ዩሮ ጠየቀ። እርሳቸውም ከነዚያ አንዱ ነበሩ፤ የ77 ዓመት አዛውንት፣ በግል ንብረታቸው። ያን ጊዜ በመማሪያቸው ያደገው የኢኮኖሚስቶች ዓለም ተነሣላቸው፤ ከ30 በላይ የኖቤል ተሸላሚዎች የድጋፍ ደብዳቤ ፈረሙ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ እዚያው ስፔን ውስጥ ግብሩን ራሱ ሰብስቦ ለማድሪድ ድርሻዋን የሚልከውን የባስክን ክልል እናያለን፤ ቦዩን በራሱ እጅ የሚከፍተውን ማለት ነው። የቻናላችን ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ። ጥር 11 ደግሞ ካሜራዬን ይዤ እዚህችው ድንጋይ ላይ እቆማለሁ፤ ውኃው የቱ ደረጃ ላይ እንደደረሰ አሳያችኋለሁ።