ቤሬታ፦ ስሙ ነው ወይስ ብረቱ?

ትዕግስት፦ ጤና ይስጥልን፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ነን። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ እኛም ጋቢ ለብሰናል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሰይዶ፣ ያቺን የሚኒባስ ወሬ እስኪ አምጣት።

ሰይድ፦ ትናንት ከኮምቦልቻ ስመለስ ነው። ሐረጎን እየወጣን ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ይሟገታሉ። መጀመሪያ የመሬት ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካ የሽጉጥ ነው! አንዱ «ቤሬታ አይከዳም» ይላሉ። ሌላኛው «ኤዲያ! ቤሬታኮ የኪስ ጌጥ ነው፤ ሽጉጥ ማለት ማካሮቭ» ይላሉ። ደሴ ገብተን ረዳቱ «መጨረሻ!» እስኪል ድረስ አልተስማሙም።

ትዕግስት፦ ማን አሸነፈ?

ሰይድ፦ የቤሬታው ሰውዬ። ድምፃቸው ጎላ ያለ ነበር።

ትዕግስት፦ (ሳቅ) እኔ ከሩሲያው ማካሮቭ ጋር ነኝ፣ አስቀድሜ ልናገር። አባቴ ወታደር ነበር። ለሱ ከማካሮቭ ሌላ ሽጉጥ አልተፈጠረም። «ጭቃ ውስጥ ቢወድቅ አራግፈሽው ይሠራል» ነው የሚለው።

ሰይድ፦ ሰው የታጠቀውን ነው የሚያመሰግነው። የኔ አያት ደግሞ ቤሬታ ነበራቸው። እሳቸው ፊት ሌላ ሽጉጥ ማመስገን ጠብ መፈለግ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ቁጭ ብለን እንየው ያልኩሽ። ይሄን ሁሉ ስም ያተረፈው ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ወሬው?

ትዕግስት፦ አንድ ነገር ግን እናስቀድም። ታጠቁ፣ ግዙ እያልን አይደለም። ይቺ ከተማ ያየችውን አይታለች።

ሰይድ፦ ልክ ነሽ። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስጠይቃል። የኛ ወሬ የታሪክና የብረት ወሬ ነው።

ትዕግስት፦ በል ከሥሩ ጀምር።

ሰይድ፦ ቤሬታ የቤተሰብ ስም ነው። ሰሜን ጣልያን፣ ብሬሻ አጠገብ፣ ጋርዶኔ የምትባል በብረት ሥራ የኖረች የሸለቆ ከተማ አለች። በፈረንጆቹ 1526 ባርቶሎሜዮ ቤሬታ የሚባል የብረት ባለሙያ ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት 185 የጠመንጃ አፈሙዝ ሠርቶ 296 ዱካት ተከፍሎታል። የክፍያው ሰነድ ዛሬም አለ። ድርጅቱም ዛሬም በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው።

ትዕግስት፦ 1526 ስትል እኛ ጋ ዙፋኑ ላይ አፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ግራኝ ገና ሽምብራ ኩሬ አልደረሰም።

ሰይድ፦ አዎ፣ ሽምብራ ኩሬ 1529 ነው። የአምባሰሉ ጦርነት ደግሞ 1531፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር።

ትዕግስት፦ እና 500 ዓመት አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሥራ? እኛ ጋ ቢሆን ሦስተኛው ትውልድ ውርስ ሲካፈል ወናፉ ሳይቀር ይሸጥ ነበር።

ሰይድ፦ (ሳቅ) ሽማግሌዎቻችን ግን ቤሬታ ሲሉ ይሄን ሁሉ ዘር ቆጥረው አይደለም። 1934 የሚባለውን ሞዴል ነው። ትንሽ ናት። ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስንዝር አትሞላም። ክብደቷ 660 ግራም አካባቢ። ካዝናዋ 7 ጥይት ይይዛል። ካዝናው ግርጌ ላይ ትንሿ ጣት የምታርፍባት ወጣ ያለች ብረት አለች። አያቴ «ምላሷ» ይሏት ነበር።

ትዕግስት፦ ማካሮቭ 8 ነው የሚጎርሰው። መዝግብልኝ።

ሰይድ፦ ተመዝግቧል። ግን ቁጥር ብቻ አይደለም። የቤሬታ ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት ነገር ደግሞ ጥቂት ነው የሚበላሸው። ደግሞ ወደ ኋላ የሚሸሸው የላይኛው ብረት አናቱ ክፍት ነው። ቀለሁ ተስፈንጥሮ ሲወጣ የሚያግደው የለም። ቀለህ ተቀርቅሮበት ሰው ፊት የተዋረደ ባለሽጉጥ ስንት ነው? «አይከዳም» የሚሉት ይቺን ነው። ንድፉ የቱሊዮ ማሬንጎኒ ነው። ከ1915ቱ ቤሬታ ጀምሮ ያችኑ ሐሳብ ሲሞርዳት የኖረ ሰው።

ትዕግስት፦ ይሁን፣ ብረቱ ጥሩ ነው። ግን ወሎ ውስጥ ይሄን ያህል የተከበረው አናቱ ክፍት ስለሆነ ነው? አልዋጥልህ አለኝ።

ሰይድ፦ አይደለም! እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ጣልያን ደሴን በኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1928 በአውሮፕላን ደበደበ። ሚያዝያ 7 ገባባት። እስከ ሚያዝያ 1933 ቆየ፤ የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞቻችን ከኮምቦልቻ በኩል ሰብረው እስኪገቡ። አሁን አስቢው። ተራው የጣልያን ወታደር የሚይዘው ጠመንጃ ነው። ሽጉጥ የሚያንጠለጥለው ማን ነው?

ትዕግስት፦ መኮንኑ።

ሰይድ፦ በቃ። ምንሽር ይዞ የተመለሰ ሰው ወታደር ማርኳል። ቤሬታ ይዞ የተመለሰ ግን አለቃውን ነው። ሽጉጡን ገና ሳትተኩሺው ስሙ ተተኮሰ ማለት ነው።

ትዕግስት፦ ይቺ ጥሩ ናት። ለነገሩ እኛኮ መሣሪያን በስም የማክበር የቆየ በሽታ አለብን። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፊዚ ግራ» ነው። ቤልጅግ ያው ቤልጂግ ናት፣ አገሩ ራሱ ስም ሆነ። ምንሽሩም ማንሊኸር ከሚለው የመጣ ነው።

ሰይድ፦ አንዴ አማርኛ ከገባ ደግሞ ጥራቱን የሚጠይቅ የለም። ሌላም ነገር አለ። የቤሬታ 1934 ጥራት ዓመት ይለያል። በፈረንጆቹ መስከረም 1943 ጣልያን እጅ ስትሰጥ ጀርመን ፋብሪካውን ያዘው። ከዚያ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ ሻካራ ናቸው፤ ሞረዱ ያልጨረሰው ዓይነት። ጣልያን ከኛ ምድር የተባረረው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ በዚያ ጦርነት እዚህ የቀረው ሁሉ የደህናው ዘመን ሥራ ነው። ብረቱ ጥቁርና ልስልስ፣ አፈሩን ስታራግፊው ፊትሽን የምታዪበት።

ትዕግስት፦ እሺ፣ አባባ ሽጉጣቸው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ያውቁ ነበር?

ሰይድ፦ (ሳቅ) እሱን ልነግርሽ ነው። ጎኑ ላይ «1937» ይላል። ከጎኑ በሮማ ቁጥር 15፣ ኤክስና ቪ። አያቴ ኤክሷን «መስቀል ናት» ይላሉ። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ «መቀስ ናት፣ የአንጥረኛው ምልክት» ይላሉ። በዚህ ብቻ ዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሞሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት፣ በፈረንጆቹ ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የራሱን ዘመን ይቆጥር ነበር። 15 ማለት የሱ 15ኛ ዓመት ነው።

ትዕግስት፦ ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ዓመተ መዓት!

ሰይድ፦ እኮ! ሰውየው ሞሶሎኒን ተዋግተው፣ የሞሶሎኒን ካሌንደር ወገባቸው ላይ ታጥቀው ኖሩ።

ትዕግስት፦ ነገርካቸው?

ሰይድ፦ ልሙት ነው? መስቀል ናት ብለው አረፉ።

ትዕግስት፦ አሁን ተራው የኔ ነው። ባለቤቶቹ የማይነግሩህን እኔ ልንገርህ። የቤሬታህ መቆለፊያ፣ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚይዘው፣ ግማሽ ክብ ነው የሚዞረው። በአንድ እጅ፣ ያውም በጥድፊያ፣ ፈተና ነው። ሲቆለፍም ቃታውን ብቻ ነው የሚይዘው። ማካሮቭን በአውራ ጣትህ ጠቅ ነው።

ሰይድ፦ እውነት ነው። ከዚያ የባሰም አለ። ካዝናውን ብታወጪውም ሽጉጡ ይተኩሳል። አፈሙዙ ውስጥ የገባች አንዲት ጥይት ካለች፣ መኖሯን የሚነግርሽ ምንም ምልክት የለም።

ትዕግስት፦ የመሶቡን ነገር ልትናገር ነው?

ሰይድ፦ ልናገር። ሰርግ ዋዜማ ነው። አያቴ ሽጉጣቸውን ሊወለውሉ ካዝናውን አወጡ። ጥይቶቹን መደቡ ላይ ደርድረው ቆጠሩ፤ ስድስት። «ሰባተኛዋ የት ሄደች?» ትራስ ተገለጠ፣ ቁርበት ተራገፈ፣ ልጆች ተጠረጠሩ። እኔም ኪሴ ተፈትሿል። ከዚያ «ተዉት፣ ትገኛለች» ብለው ቃታውን ሳቡ። ተገኘች! የሴት አያቴን ትልቁን መሶብ በስታ ግድግዳው ጭቃ ውስጥ ገባች።

ትዕግስት፦ ያረቢ! ሰው አልነካችም አይደል?

ሰይድ፦ አልነካችም፣ አልሐምዱሊላህ። ሴቶቹ ጓሮ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አያቴ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አያችሁ፣ አሁንም አልከሸፈችም!»

ትዕግስት፦ (ረጅም ሳቅ) ይሄ ነው የብራንድ ፍቅር! ቤት ሲበሳም ያመሰግናል።

ሰይድ፦ ሌላ አደጋም ነበረበት። ሰዎች 9 ሚሊ ሜትር የተባለ ጥይት ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። የቤሬታ 1934 «9 ኮርቶ» ነው፤ ቀለሁ 17 ሚሊ ሜትር። የማካሮቭ 18 ነው፣ ጥይቱም በጥቂቱ ወፈር ይላል። ፓራቤለም የሚባለው ሌላኛው 9 ደግሞ 19። ጥይት ሲጠፋ የማይሆነውን ሊያስገቡ የሚታገሉ ሰዎች አውቃለሁ። ከዚያ «ሽጉጡ አረጀ» ይባላል። ሽጉጡ ምን አጠፋ?

ትዕግስት፦ አሜሪካኖችም ቤሬታን ይዘውት ነበር አይደል? ጥለውታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሰይድ፦ እሱ ሌላኛው ሞዴል ነው፣ ትልቁ ቤሬታ 92። በፈረንጆቹ 1985 የኮልትን 1911 የሚባል ሽጉጥ አስወጥቶ የጦራቸው ሽጉጥ ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ የላይኛው ብረት እየተሰነጠቀ ሰው አቆሰለ። ድርጅቱ ጥይቱ ከልክ በላይ ኃይለኛ ስለሆነ ነው አለ፤ ግን ብረቱ ቢሰበርም ተኳሹ ፊት ላይ እንዳይመጣ አድርጎ አሻሻለው። ቀጥሎ ኢራቅ ላይ አሸዋው አስቸገረ። እዚያ ጥፋቱ በብዛት የካዝናው ነበር። ጦሩ ከሌላ አቅራቢ ያሠራው፣ ውስጡ ሻካራ ቅብ ያለው። አሸዋ ሲገባ ጥይቱ አይወጣም።

ትዕግስት፦ ስሙ የጠፋው ግን የቤሬታ።

ሰይድ፦ አዎ። ካዝናውን ማን እንደሠራው ማን ያነባል? የተጻፈው ስም ሽጉጡ ላይ ነው። ያም ሆኖ በፈረንጆቹ 2017 ተተኪው እስኪመረጥ ድረስ የጦራቸው ዋና ሽጉጥ ሆኖ አገልግሏል። 32 ዓመት ቀላል አይደለም።

ትዕግስት፦ ስለዚህ ፍርድህ?

ሰይድ፦ የ1934ቱ ብረት ጥሩ ነው፣ ጥይቱ ደካማ ነው፣ መቆለፊያው የማይረባ ነው። እዚህ ያለው ስም ግን ግማሹ የፋብሪካው አይደለም፤ የማራኪዎቹ ነው።

ትዕግስት፦ እኔ ከማካሮቭ አልወርድም፣ ግን የመኮንኑን ነገር ተቀብያለሁ። አባቴ ይሄን ከሰማ ቤት አያስገባኝም። ሽጉጡስ አሁን የት ነው?

ሰይድ፦ አያቴ ሲሞቱ አጎቴ ወስዶ አስረከበ። የቀረን ማህደሩ ነው፣ የቆዳው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ታስቀምጥበታለች።

ትዕግስት፦ መሶቡስ?

ሰይድ፦ መሶቡማ አለ። ሴት አያቴ ቀዳዳውን በቀይ አክርማ ሰፍታ ደፍናዋለች። እንግዳ ሲመጣ ያቺን ቀይ ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምታቀርበው።