ለአንድ ሳምንት አንድ ጥያቄ

ሰላም፦ ሳምንቱን ሙሉ ከልጄ ጋር ጥላ ስንለካ ከረምን።

ዮናስ፦ የዝናቡን?

ሰላም፦ (ሳቅ) ኧረ የራሷን! ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውጭ አቆምኳትና እግሯ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። ጥላዋንም ዙሪያውን ሣልኩት፤ ረጅም፣ ቀጭን። 6 ሰዓት ላይ ተመልሳ እዚያው ምልክት ላይ ስትቆም ጥላዋ እግሯ ስር ኩርምት ብሏል። "ማን ቆረጠው?" አለችኝ።

ዮናስ፦ ምን አልሻት?

ሰላም፦ ምንም። የከበደኝም እሱ ነው! "መሬት ስለምትዞር ነው" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" ብዬ ጠየቅኋት። "ፀሐይ እየበላችው ነው" አለች።

ዮናስ፦ በቃ፣ ከእኔ መልስ ይሻላል።

ሰላም፦ ማታ መብራት አጠፋንና የእጅ ባትሪ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ እርሳስ አቆምን። ባትሪውን ዝቅ ስታደርገው የእርሳሱ ጥላ ይረዝማል፣ ከፍ ስታደርገው ያጥራል። ሦስቴ አራቴ ደጋገመችውና "ለካ ከላይ ስለሆነች ነው!" ብላ ጮኸች። የመሬትን መዞር ያመጣነው ሐሙስ ነው፤ ትንሽ አሻንጉሊት ኳስ ላይ ለጥፈን፣ ባትሪው ፊት ቀስ እያልን ስናዞረው።

ዮናስ፦ በሰዓት 15 ዲግሪ መዞሯ ነው እንግዲህ። ልጅቷ ከፍ ስትል ደግሞ የጥንቱን የግሪክ ሊቅ የኤራቶስቴንስን ነገር ንገሪያት። ከ2,200 ዓመት በፊት ነው። በዓመቱ ረጅም ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ግብፅ ውስጥ፣ የዛሬዋ አስዋን ላይ፣ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች ይባል ነበር፤ ጥላ የለም። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ግን አለ። የጥላውን ማዕዘን ለካው፤ 7 ዲግሪ ገደማ፣ የክብ አንድ ሃምሳኛ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዛና የምድርን ዙሪያ አገኘ።

ሰላም፦ በጥላ ብቻ!

ዮናስ፦ እኔ ግን ከልጄ ጋር መጀመሪያ ላይ ነገሩን አበላሽቼው ነበር። ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሰኞ እሳተ ገሞራ፣ ማክሰኞ ዳይኖሰር፣ ረቡዕ ህዋ...

ሰላም፦ እስከ ስንት ቀን ቆየ?

ዮናስ፦ ረቡዕ አልደረሰም። ልጁ ገና እሳተ ገሞራው ላይ ነው፣ እኔ ዳይኖሰር እያልኩ እጎትተዋለሁ። አሁን ሳምንቱን ለአንድ ነገር ብቻ ነው የምሰጠው። ያለፈው የዘር ሳምንት ነበር። ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ፣ በጥጡና በመስታወቱ መሀል የባቄላ ፍሬ። ሥሩ ብቅ ሲል ብርጭቆውን በጎኑ እናስተኛለን። ከዚያ ሥሩ ቀስ ብሎ ይታጠፍና ወደ ታች ያቀናል።

ሰላም፦ ታች የቱ እንደሆነ ያውቃላ!

ዮናስ፦ የመሬት ስበት ነው የሚመራው። ችግሩ፣ እኔ አንዱን ብርጭቆ ውኃ አበዛሁበት። ሸተተ። ሻገተ። ልጁ ደግሞ ደህናውን ትቶ የሻገተውን በአጉሊ መነጽር ሲያይ ዋለ። "ፀጉር አብቅሏል!" ይለኛል።

ሰላም፦ ጣልከው እንዳትለኝ።

ዮናስ፦ ልጥለው ነበር፣ አለቀሰብኝ። ክዳን ገጥመን አስቀመጥነው። እንግዲህ የሚቀጥለው የሻጋታ ሳምንት ሊሆን ነው፣ ሠንጠረዡ ሳይጠየቅ። አንቺስ?

ሰላም፦ የእኔዋ ትናንት ማታ መኪና ውስጥ ጠየቀችኝ። "ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?"

ዮናስ፦ እሱማ ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለም...

ሰላም፦ ዋጠው! በሩ ጋ ቆማ እየሰማችን ነው።