የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በአዲስ ክልል የመንግሥት ገንዘብና ሹመት

በሰኔ 2012 ሲዳማ፣ በኅዳር 2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነው ሥራ ጀምረዋል። በዚህ ሳምንት በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በእነዚህ ክልሎች ወረዳዎች ከሚሠሩና ከሚኖሩ አድማጮች ናቸው። መልሱን የሚሰጡት በመንግሥት ኦዲትና ፋይናንስ ሥራ ረጅም ዘመን ያገለገሉት የዝግጅታችን አማካሪ ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ ክልል ከሆንን ለምንድን ነው የድሮው ክልል ዕዳ ከበጀታችን የሚቆረጠው?

ጎጆ የሚወጣ ልጅ ከአባቱ ጋር በሬውን ሲካፈል ዕዳውንም ይካፈላል። አራቱም ክልሎች የወጡበት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲከፋፈል ለድልድል የቀረበው ሕንፃውና ተሽከርካሪው ብቻ አልነበረም፤ ክልሉ የሚፈለግበት ገንዘብም አብሮ ቀርቧል። ከዕዳዎቹ ከባዱ የማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያው በባንክ ብድር ይገዛል፣ ክልሉ በጀቱን ዋስ አድርጎ ይፈርማል፣ ዕቃው ለአርሶ አደሩ በዱቤ ይሰጣል። ዱቤው ሳይሰበሰብ ሲቀር፣ ወይም ተሰብስቦ በመንገድ ላይ ሲቀር፣ ባንኩ ዋሱን ይጠይቃል። ስለዚህ የምትጠይቁት «ለምን ተቆረጠብን?» ብላችሁ ብቻ አይሁን። «በእኛ ወረዳ ስም ስንት ዕዳ ተመዘገበ? ከአርሶ አደሩ የተሰበሰበው ገንዘብስ በየትኛው ደረሰኝ ገቢ ሆነ?» ብላችሁም ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክልል መሆን በራሱ አዲስ ገንዘብ አያመጣም። ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው፤ አዲሶቹ ክልሎች የተካፈሉትም ነባሩ ክልል ያገኝ የነበረውን ድርሻ ነው። የጨመረው ቢሮውና ተሿሚው ነው። ገቢው ባለበት ቆሞ ወጪው ሲያድግ ጉድለቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በመምህሩና በጤና ባለሙያው ደመወዝ ላይ ነው። ዛሬ ደጋግሜ የምለውን ከወዲሁ ልናገር፦ ሰው ከመሾማችሁ፣ ከመቅጠራችሁ፣ ከማሳደጋችሁ በፊት የሥራ መደቡ በጀት እንዳለው አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ «ከነገ ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነህ» ተብዬ ሥራ ጀመርኩ። ደብዳቤ አልተሰጠኝም። የኃላፊነት አበል ይታሰብልኛል?

አይታሰብልህም። ነገ ጠዋት ደብዳቤህን ጠይቅ፤ እስክትቀበል ድረስ በኃላፊነት ስም አንድም ወረቀት አትፈርም።

ጥያቄ፦ በአዲስ ወረዳ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አስተዳዳሪው ደውለው «እንግዶች መጥተዋል፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል አሁኑኑ ክፈዪ፣ ሰነዱን ነገ እናስተካክላለን» ይሉኛል። ሳመነታ ደግሞ «ትዛወሪያለሽ» እባላለሁ። ምን ላድርግ?

ልጄ፣ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ በየወረዳው በየቀኑ የሚፈጸም፣ ማንም እንደ ጥፋት የማይቆጥረው ልማድ ነውና። ጊዜ ወስጄ እመልስልሻለሁ፤ ሌሎች ገንዘብ ያዦችም ሥራችሁን አቁማችሁ አዳምጡኝ።

በስልክ ትእዛዝ አትክፈዪ። ደዋዩ አስተዳዳሪ ይሁኑ የዞን ሰው፣ እንግዳው ማንም ይሁን፣ አትክፈዪ። የመንግሥት ገንዘብ ከካዝና እንዲወጣ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ በጀት መኖሩን ያረጋግጣል፣ አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ አንቺ ትከፍያለሽ። ይህ ሁሉ ሰው የተደረደረው ሥራ ለማጓተት አይደለም። አንዱ ቢሳሳት ወይም ቢፈተን ሌላው እንዲያየው ነው። በስልክ ስትከፍዪ ግን ሌሎቹ ሁሉ ተዘልለው ኃላፊነቱ የመፍቀድ ሥልጣን በሌለሽ በአንቺ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ የሚሆነውን ልንገርሽ። ተቀባዩ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይፈርምልሻል፤ ወረቀቱን ካዝና ውስጥ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ታስቀምጫለሽ። ነገ የተባለው ሰነድ በሳምንቱም አይመጣም። በአዲስ መዋቅር ውስጥ ደግሞ ሹመት አይረጋም። ግምገማ ይደረግና አስተዳዳሪው ይነሳሉ፣ ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ። አዲሱ ተሿሚ «እኔ በሌለሁበት ለተከፈለ አልፈርምም» ይላሉ፤ በዚህም አይፈረድባቸውም። ከዚያ ኦዲተሩ ይመጣና ካዝናሽን ይቆጥራል። ቁራጭ ወረቀቱን ከገንዘብ አይቆጥርልሽም፤ የስልክ ጥሪሽንም በሰነድነት አይቀበልሽም። ልዩነቱን የገንዘብ ጉድለት ብሎ በስምሽ ይመዘግባል። ገንዘቡን እንድትተኪ ትጠየቂያለሽ፤ ነገሩ ከከፋ ደግሞ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ። ያን ቀን «እርሳቸው ናቸው ያዘዙኝ» ብትዪ ማስረጃ አምጪ ትባያለሽ። ተሿሚው ይነሳል፤ ፊርማሽ ግን እዚያው ይቀራል።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ስልኩ ሲመጣ በትሕትና «የክፍያ ጥያቄው በጽሑፍ ይምጣልኝና ወዲያው እከፍላለሁ» በዪ። ይህ እምቢታ አይደለም፤ ማንም አለቃ በዚህ ሊቀጣሽ የሚችልበት ሕግ የለም። ወዲያውኑ ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊሽ ንገሪ። ግፊቱ ካልቆመ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን መጠን ጠቅሰሽ አጭር ማስታወሻ ጻፊ፤ በመዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥርና ቀን የሰፈረበትን ግልባጭ ለራስሽ ያዢ። አሁን በካዝናሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ነገ አትበዪ። ዛሬ ዘርዝሪው፤ ገንዘቡን የወሰዱት ሰዎች እንዲያወራርዱ በደብዳቤ ጠይቂ፤ ለውስጥ ኦዲት ግልባጭ አድርጊ። ማታ ማታ ካዝናሽን ቆጥረሽ ከመዝገብሽ ጋር ሳታመሳክሪ ወደ ቤትሽ አትሂጂ። ትዛወሪያለሽ ማለታቸውን ደግሞ አትፍሪው። ከተዛወርሽ ሂሳብሽን በርክክብ ዘግተሽ በሰላም ትሄጃለሽ። ጉድለት ተመዝግቦብሽ ግን የትም አትሄጂም።

አስተዳዳሪዎችም እያዳመጣችሁ ከሆነ፣ አስቸኳይ ሥራ እንደሚያጋጥማችሁ አውቃለሁ። ለዚያ በመመሪያው መሠረት የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ መመደብ ይቻላል። ለመስክ ስትወጡ የመፍቀድ ሥልጣናችሁን በደብዳቤ ለምክትላችሁ ወክላችሁ ውጡ። የሰው ልጅ እስር ቤት እንድትገባ የሚያደርግ ስልክ አትደውሉ።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ሲያጥር ከካፒታል በጀት ወስዶ መክፈል ይቻላል?

አይቻልም። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወር ክልክል ነው፤ በክልላችሁ አዋጅም ይህንኑ አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ለጤና ጣቢያ የተያዘ ገንዘብ ለደመወዝ ከዋለ ግንባታው ተቋርጦ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ወር ደመወዙ እንደገና ያጥራል። እጥረት ካለ ለምክር ቤቱ በግልጽ አቅርባችሁ በጀቱን አስከልሱ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ደመወዛችን ዘግይቶ ሲከፈለን የጡረታ መዋጮ ይቆረጥብናል፤ ግን ገቢ አይደረግም ሲባል ሰማን። እውነት ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል፤ ያየሁትም ነገር ነው። በሕጉ ከአንተ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርልሃል። ገንዘብ ያጠረው መሥሪያ ቤት የተጣራውን ደመወዝ ለሠራተኛው ይከፍልና መዋጮውንና የሥራ ግብሩን «በኋላ እናስገባለን» ብሎ ለነዳጅና ለስብሰባ ያውለዋል። ይህ የወረዳው ገንዘብ አይደለም። ከሠራተኛው እጅ ተቆርጦ በአደራ የተያዘ ነው፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጡረታ ስትወጣ የምትኖርበት ነው። ይህን የሚያዘገይ የፋይናንስ ኃላፊ ቀስ ብሎ ከሚሰርቅ ሰው ለይቼ አላየውም።

በማኅበራችሁ በኩል ሆናችሁ ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የየወሩ መዋጮ ገቢ የተደረገበትን ማስረጃ ጠይቁ። በቃል የሚሰጣችሁን መልስ አትቀበሉ። መልስ ካጣችሁ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ሥራቸው ነው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የቢሮ ኃላፊ ሆኜ ተሹሜአለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች መካከል ነኝ። የማምናቸውን ሰዎች ከበፊት መሥሪያ ቤቴ አምጥቼ በግዥና በፋይናንስ ላይ ብመድብ ስህተት ነው?

ክቡር ኃላፊ፣ በግልጽ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። አዎ፣ ስህተት ነው።

የእርስዎ ቦታ የፖለቲካ ሹመት ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፣ ሲያሻቸው ያነሡዎታል። የግዥና የፋይናንስ ዳይሬክተር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ መደቡ የሚሞላው በውድድር ወይም ሕጉን በተከተለ ድልድል ነው። እርስዎ በሚያምኗቸው ሰዎች ሲሞሉት ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ከነባሩ ክልል ተደልድለው የመጡ፣ ሥራውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ያኮርፋሉ፤ በፋይላቸው ያለውን እውቀት ይዘው ዝም ይላሉ። ሁለተኛውና የከፋው፣ ጠያቂው የእርስዎ ሰው፣ ገዢው የእርስዎ ሰው፣ ከፋዩም የእርስዎ ሰው ይሆናሉ፤ «ክቡር ኃላፊ፣ ይህ አይሆንም» የሚልዎት አንድም ሰው አይኖርም። ግዥ ተቆራርጦ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ብቻ በመጠየቅ ሲፈጸም፣ ጨረታ መውጣት ሲገባው ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ ሲገዛ የሚያስቆምዎት ያ ያላመኑት ባለሙያ ነበር። ዕድሜ የሚሰጥዎት እርሱ ነው።

ታማኝ ሰው ከፈለጉ የውስጥ ኦዲተሩን በየሳምንቱ ያነጋግሩ፤ ሪፖርቱን ራስዎ ያንብቡ። አማካሪ ቢያስፈልግዎት ለዚያ የተፈቀደ መደብ ካለ ይጠቀሙበት፤ መደቡ በጀት እንዳለው ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የሥጋ ዘመድ ጉዳይ ከሆነ ለሕግ ክፍልዎ በጽሑፍ ሳያሳውቁ አንድ እርምጃ አይራመዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ቢሮዎቹን በየከተማው በትነዋቸዋል። ለአንድ ጉዳይ ሦስት ከተማ እንሄዳለን። ይህ ገንዘብ ማባከን አይደለም?

አባቴ፣ ድካምዎ ይገባኛል። ደቡብ ምዕራብ በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ፤ ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎችም ከተሞች ተቋማቱን የመደቡት አንዱ ሕዝብ ሌላውን «ሁሉን ወሰደ» እንዳይለው ነው። በአንድ ከተማ ብቻ ቢከማች ኖሮ የሚያስከትለውን ቅሬታ አይተናል፤ ስለዚህ ውሳኔውን አልነቅፍም። ነገር ግን ዋጋ አለው። ኃላፊዎች ለአንድ ስብሰባ ይጓዛሉ፤ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የተሽከርካሪ ጥገና ይከፈላል። እኔ የምጠይቀው ይህ ወጪ ለብቻው ተሰልቶ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ነው። ሕዝቡ የሚከፍለውን ካወቀ ይወስናል። እርስዎም ለአንድ ፊርማ ሌላ ከተማ ሂዱ ሲባሉ ጉዳዩ በዞን ወይም በወረዳ በውክልና ማለቅ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘብ ከሚመለስብን ዕቃ ብንገዛበት ምን ችግር አለው?

ዕቃው በእውነት የሚያስፈልግ፣ በግዥ ዕቅዱ የተያዘ፣ ከሰኔ 30 በፊት መጋዘን የገባ ከሆነ ችግር የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። በሰኔ ማብቂያ ላይ ዕቃው ሳይመጣ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ተቆርጦ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛው «ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሞ፣ ገንዘቡ ለአቅራቢው ይከፈላል። ሐምሌ ላይ አቅራቢው ስልኩን ያጠፋል። የንብረት ሠራተኞች፣ በዓይናችሁ ያላያችሁትንና በእጃችሁ ያልቆጠራችሁትን ዕቃ ገቢ አታድርጉ። ያዘዛችሁ ኃላፊ በመስከረም ላይኖር ይችላል፤ የእናንተ ፊርማ ግን ሞዴሉ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ተሿሚ ሀብቱን ማስመዝገብ ግዴታው ነው?

አዎ፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ነው፣ ክልላችሁም የራሱ ካለው በእርሱ ተመዝገቡ።

ጥያቄ፦ በቀድሞ ወረዳዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን «ጉድለት ተገኝቶብሃል፣ እመን ብለህ ፈርም፣ በየወሩ እንቀንስልሃለን» ብለው ወረቀት ልከውልኛል። ፖሊስም ጠርቶኛል። የማላውቀው ገንዘብ ነው። ልፈርም?

አትፈርም። ይህን በሬዲዮ ልመልስልህ የምችለው ጥያቄ አይደለም፤ ጠበቃ ያስፈልግሃል። አቅም ከሌለህ በአቅራቢያህ ያለውን የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ወይም የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ። ወደ ጠበቃው ስትሄድ የርክክብ ሰነድህን፣ የተዛወርክበትን ደብዳቤና የኦዲት ሪፖርቱን ግልባጭ ይዘህ ሂድ። የፖሊሱን ጥሪ ግን አክብረህ ቅረብ፤ ያለ ጠበቃ ቃልህን አትስጥ።